መልስ፦ ረዳት ኪዩቢቱን ሪሴት ሳደርግ ግሮቨር ለምን መልሱን አያገኝም?

ግሮቨር የኳንተም ኮምፒውተር የፍለጋ ስልት ነው፤ ረዳት ኪዩቢት ደግሞ የስሌቱን መሃከለኛ ውጤት ለጊዜው የምትይዝበት የኳንተም ቢት ነው። ሪሴቱን (በግድ ወደ 0 መመለሱን) አውጣው፣ ችግሩ እሱ ነው። ረዳቱ ከግብዓቶቹ ጋር ተጠላልፏል (የአንዱ ሁኔታ ከሌላው ተነጥሎ አይገለጽም)፤ ሪሴት ስታደርገው እንደለካኸው ይቆጠራል፣ ሱፐርፖዚሽኑም (ግብዓቶቹ 0ንም 1ንም በአንድ ላይ የያዙበት ሁኔታ) አብሮ ይጠፋል። በሪሴቱ ፋንታ እንዲህ አድርግ፦

1. መሃከለኛውን ውጤት በቶፎሊ ጌቶች (ሁለት ኪዩቢቶች 1 ሲሆኑ ሦስተኛውን የሚገለብጡ) ረዳቱ ላይ አስላ።
2. ውጤቱን በሲኖት (አንዱ ኪዩቢት 1 ሲሆን ሌላውን በሚገለብጥ ጌት) ወደ መልስ ኪዩቢቱ አሳልፍ።
3. የመጀመሪያዎቹን ጌቶች ከመጨረሻው ጀምረህ ወደ ኋላ ድገማቸው። ቶፎሊ ራሱን በራሱ ስለሚሽር ሌላ ጌት አያስፈልግህም፣ ረዳቱ በሰላም ወደ 0 ይመለሳል። የፊዚክስ ሊቁ ቻርልስ ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1973 ለተራው ኮምፒውተር ያሳየው ዘዴ ነው፤ እንዴት የሚያምር ሐሳብ ነው!

ላብራችን አዲስ በሚገቡ ልጆች ላይ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ፦ ግብዓቱን በ0 እና በ1 ብቻ ፈትነው ሠራ ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ ስህተቱ አይታይም። ግብዓቶቹን በሃዳማርድ (0ን ወደ ሱፐርፖዚሽን በሚያስገባ ጌት) ጀምር፣ 2ኛውን እርምጃ ዝለል፣ በሃዳማርድ ጨርስ። ግብዓቶቹን ስትለካ ሁሌ 0 ካልመጣ ረዳቱ አልጸዳም።