መልስ፦ ኤፕሪል 20 ጃፓን፣ ኪዮቶ ብደርስ የቼሪ አበባው ያመልጠኛል?

አዎ፣ በከተማው የሚበዛው ሶሜይ ዮሺኖ የተባለው ዝርያ በዚያን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ረግፏል። አበባውን የግድ ማየት ከፈለጉ በሰሜን፣ በአኦሞሪ ግዛት ወደሚገኘው የሂሮሳኪ ግንብ መናፈሻ በባቡር ይሂዱ፤ የአየሩ ቅዝቃዜ አበባውን ስለሚያዘገየው በብዛት የሚፈካው በኤፕሪል ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ጉዞው ረጅም ስለሆነ ግን የዓመቱን የአበባ ትንበያ ሳያዩ ቲኬት አይቁረጡ።

ኪዮቶንም አይዝለሉት። በጊዮን ሰፈር ጌይኮዎች (በባህላዊ ሙዚቃና ውዝዋዜ እንግዳ የሚያዝናኑ ሴት ባለሙያዎች) እና ማይኮዎች (ተለማማጆቻቸው) በኤፕሪል ወር የሚያቀርቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1872 የተጀመረው የሚያኮ ኦዶሪ ውዝዋዜ፣ ለእኔ ከአበባው የሚበልጥ የጸደይ ትዝታ ነው።

እንግዶችን ሳስጎበኝ ደጋግሜ የማየው አንድ ስሕተት አለና ይጠንቀቁ፤ ወደ ሥራቸው የሚጣደፉትን ማይኮዎች እየተከተሉ ፎቶ አያንሱ፣ በምልክት ወደተከለከሉት የጊዮን የግል መተላለፊያዎችም አይግቡ፤ 10,000 የን ሊያስከፍልዎት ይችላል።