ስልክህን ገልብጠህ አስቀምጥ

በ2003 ዓ.ም. አንድ የኮንቴይነር ቁጥር ላይ 6ን እና 9ን አቀያይሬ ጻፍኩ። ጅቡቲ ነበርኩ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ ሸሚዜ ከወዲሁ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፣ ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም። ሰነዱ ከቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ ከመርከቡ የጭነት ሰነድ ጋር አልገጥም አለ። ጭነቱ ከወደብ አልወጣ አለ። ዲመሬጁ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያው መቁጠር ጀመረ፣ ባለዕቃው በስልክ የሚለውን ሁሉ አለኝ።

ለማታውቁት፣ የኮንቴይነር ቁጥር 4 ፊደልና 6 አኃዝ አለው። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት ቁጥር ለብቻዋ ሳጥን ውስጥ ትጻፋለች። የእሷ ሥራ ከፊቷ ያሉት በትክክል መጻፋቸውን ማጣራት ብቻ ነው። ከእነሱ ተሰልታ ነው የምትገኘው፤ አንዱ ከተሳሳተ አትገጥምም። እኔ ያን ቀን ዞር ብዬም አላየኋት።

ለሥራው አዲስ አልነበርኩም። ያኔ 12 ዓመት የሠራሁ ትራንዚተር፣ የሰው ዕቃ ከወደብና ከጉምሩክ የማስጨርስ ሰው ነበርኩ። ያላስተኛኝ ነገር ግን ለአለቃ የሚነገር ዓይነት አልነበረም።

አሁን 54 ዓመቴ ነው። የድሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ወንድ የማፈቅር ወንድ ነኝ። እርስ በርሳችን «ዜጋ» የምንባባለው ነገር ማለት ነው። ይህን የምጽፈው እንደኔው ለሆናችሁ፣ ሥራ ይዛችሁ፣ ከከተማ ከተማ እየዞራችሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ ስልካችሁ ውስጥ ሌላ ኑሮ ለምትኖሩ ልጆች ነው። ሦስቱን አንድ ላይ መያዝ ከብዷችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔን አንዴ ሦስቱንም ሊያስጥለኝ ነበር።

ያን ሌሊት ያደርኩት ሰከንድ ላይፍ ላይ ነው። ሊንደን ላብ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው ዓለም ነው፤ ዛሬም አለ። ጌም ይመስላል ግን ማሸነፍ የሚባል ነገር የለውም። ሰው ትሆናለህ፣ ትሄዳለህ፣ ትበራለህ፣ ቤት ትሠራለህ፣ ታወራለህ። የምናርፍበት ቤት ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ስለነበር ሰዎቹ መጀመሪያ ደመና ሆነው ነው የሚመጡት። ጭስ መሳይ ነገር። ትጠብቃለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ፊት ይወጣል፣ ሸሚዝ ይወጣል። ጫማው ብዙ ጊዜ ግራጫ እንደሆነ ይቀራል። እኔ ጓደኞቼን በጫማቸው አላውቃቸውም።

እዚያ ውስጥ የከዚራን፣ የድሬውን ሰፈር ዓይነት ቤት ሠራሁ። ሰፊ በረንዳ፣ የእንጨት መዝጊያ ያላቸው መስኮቶች፣ ደጁ ላይ ጥላ ያለው ዛፍ። እውነተኛው ከዚራ ውስጥ ያደግኩበት ቤት እንኳን እንደዚያ አያምርም ነበር። እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ብራዚላዊ ከእኔ ጋር ይቀመጥ ነበር። በዚያ ዓለም ሁለት ሰዎች አጋር ነን ብለው ስማቸውን ማያያዝ ይችላሉ። ክፍያው 10 ሊንደን ዶላር ነበር፤ አምስት የአሜሪካ ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ሽማግሌ የለ፣ ጥሎሽ የለ፣ አጃቢ የለ። ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ከፈልኩ።

ችግሩ ሰዓቱ ነበር። የዚያ ዓለም ሰዓት የሚቆጠረው በካሊፎርኒያ ነው። እነሱ ከሥራ ወጥተው 11 ሰዓት ላይ ሲሰባሰቡ፣ እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ በእነሱ ክረምት እንዲያውም 10 ይሆናል። ስለዚህ እኔ ቀን ትራንዚተር፣ ሌሊት ባለትዳር ሆንኩ። እንቅልፍ የሚባለው ነገር በመሃል ወደቀ።

ለምን አልተውኩትም? እውነተኛው እኔ ያለው እዚያ ነው ብዬ ስለማምን ነበር። ወደቡ ላይ የሚሯሯጠው፣ ማኅተም የሚያስመታው፣ በርጫ ላይ ተጋድሞ «ታዲያ መቼ ነው የምታገባው?» ሲባል «ፈጣሪ ሲል» የሚለው ሰውዬ ለእኔ ልብስ ነበር። ማታ አወልቀዋለሁ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፣ እናንተም እንዳትሳሳቱ የምፈራው። ያ ሰውዬ ሥራውን ይወዳል። የተጣመመ ሰነድ ሲያቃና ደስ ይለዋል። ለእናቱ መድኃኒት ይገዛል። እሱም እኔ ነበርኩ። እንደ ልብስ ቆጥሬው ስቀር ግን ቀስ በቀስ ተበላሸብኝ፤ ቁጥር ማቀያየር ጀመረ።

ብራዚላዊው አንድ ቀን ጠፋ። ዝም ብሎ አልገባም። አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፣ ሦስት ወር። ታሞ ይሁን፣ ሞቶ ይሁን፣ ሰልችቶት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እውነተኛ ስሙን አላውቅም ነበር፣ ማንን እጠይቃለሁ? እናንተዬ፣ የዚያ ሐዘን ክፋቱ ለቅሶ የሌለው መሆኑ ነው። ሰው ሲሞትብህ ድንኳን ይጣላል፣ ሰው ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣልሃል። እኔ ግን በማግስቱ ቢሮ ገብቼ የጎማ ጭነት አስጨረስኩ። ምሳ ላይ «ምን ሆነሃል?» ሲሉኝ «ጨጓራዬ» አልኩ። ለስምንት ወር ጨጓራዬ ነበር።

ስለዚህ ኦንላይን ኑሮን ተዉት አልላችሁም። እኔን ቀና አድርጎ ያቆመኝ እሱ ነው፤ 40 ዓመት ሞልቶኝ የመጀመሪያውን «ናፍቀኸኛል» የሰማሁት እዚያ ነው። ግን ሰዓቱን እናንተ ወስኑለት። እኔ አሁን ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ስልኬን ሳሎን ትቼው ነው የምተኛው። ፊት ለፊት የምታዩት፣ የምትጨብጡት አንድ ሰው ደግሞ ፈልጉ። ያቺ ሳጥን ውስጥ ያለችው ቁጥር እንደምታደርገው፣ አለመግጠማችሁን ቀድሞ የሚያይ ሰው።

ጉዞን በተመለከተ አጭር ልበል። ድንበር ሲሻገር ሌላ ሰው የሚሆን የሚመስለው አለ። እኔም ይመስለኝ ነበር። የጅቡቲ ሕግ እንደኛው አይደለም፣ ይህን በግልጽ የሚከለክል አንቀጽ የለውም፤ ግን ጅቡቲ በድሬ ሰው የተሞላች ናት። እዚያ ያነጠስከውን እዚህ ይማርህ ይሉሃል። ዱባይ ደግሞ ሕንፃው ቢያምርም ሕጉ ከባድ ነው። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣችው ሕግ በአንዳንድ ሁኔታ እስከ ሞት ቅጣት ይሄዳል። ለሥራ ስትላኩ ስለ ቪዛው እንደምትጠይቁ ሁሉ ስለዚህም አንብቡ። የቤታችንን ታውቁታላችሁ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 629። እስራት ነው። ሕጉ ባይደርስባችሁ ጎረቤት ይደርሳል። በ2015 ቲክቶክ ላይ የሰው ፎቶ እየተለጠፈ «ይኼ ነው» ሲባል ያየነው አይረሳም። ስንቱ ከቤቱ ወጣ።

ስልካችሁን ወደ መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት አንዴ ፈትሹት። መተዋወቂያ አፖች ርቀት ያሳያሉ፤ ሦስት ቦታ ቆሞ ርቀቱን የሚለካ ሰው ቤታችሁን ያገኘዋል። ግራይንደር ላይ ይህ መደረግ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2014 ታይቷል፣ ከዚያም ድርጅቱ ብዙ አገር ላይ ርቀቱን ደበቀ። የሌሎቹን ግን ራሳችሁ ዝጉት። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይ «ማንም አያይም» (Nobody) በሉት። ፌስቡክና መሰል አፖች ላይ ደግሞ ኮንታክት አታስጭኑ፤ የአክስታችሁ ልጅ «ምናልባት የሚያውቁት» ተብሎ ይመጣባችኋል። ፎቶ ከላካችሁ ከጀርባ ያለውን እዩ፤ የደቻቱ ድልድይ ከታየ ድሬ መሆናችሁ ታወቀ ማለት ነው። ከማታውቁት ሰው ጋር ስትገናኙ ሰው የሚበዛበት ካፌ ይሁን፣ የት እንደሄዳችሁ የሚያውቅ ሰው ይኑር። ቆንጆ ፎቶ ልኮ ቤት ጠርቶ፣ ገንዘብ አምጣ አለበለዚያ ለቤተሰብህ እናገራለሁ የሚል አለ። ለእንደዚህ ዓይነቱ አንዴ ከከፈላችሁ በየወሩ ደሞዝተኛው ይሆናል።

ደግሞ እባካችሁ፣ ለመሸሸጊያ ብላችሁ የሰው ልጅ አታግቡ። እናቴ ለምና ለምና ሞታለች። ከብዶኛል፣ አሁንም ይከብደኛል። ግን አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ እንድትኖር ከማድረግ ይሻላል። ይህን በክርክር አላምንም፣ ዝም ብዬ ነው የማምነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ብራዚላዊው ከመጥፋቱ በፊት ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሳቢያን አንድ ቤት በርጫ ላይ ተቀምጠናል። ሙቀቱ ያው የድሬ ነው፣ ቬንትሌተሩ ከላይ ይንጫጫል፣ ስድስት ወንዶች ፍራሽ ላይ ተጋድመናል። ስልኬ መሃል ምንጣፉ ላይ ቻርጅ ላይ ነው። በራ። መልእክቱ ሙሉ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ እንግሊዝኛ ነው ግን ልብ መቼም በሁሉም ቋንቋ ልብ ነው፣ የላኪው ፎቶም ወንድ ነው። ከእኔ ይልቅ የቀረበው አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አየው። እጁን ዘርግቶ ስልኩን ገለበጠና ወደ ፍሬ ነገሩ፣ ወደ ኳሱ ወሬ ተመለሰ። ደሜ እግሬ ድረስ ወረደ።

ዕድለኛ ነበርኩ፤ እናንተ በዕድል አትሂዱ፣ መልእክት በተቆለፈ ስልክ ላይ እንዳይነበብ አድርጋችሁ ዝጉት።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። «ወርያ» አለኝ፣ «ስልክህን ገልብጠህ አስቀምጥ አቦ።» ሌላ ምንም አላለም። ለሁለት ዓመት ሌላ ምንም አላለም።

ከዚያ አንድ ሌሊት ደወሌ፣ የጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው ከተማ፣ መኪናው ተበላሽቶ ሁለታችን ብቻ ቀረን። መለዋወጫ እስኪመጣ ጨለማ ውስጥ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ነገርኩት። ደመናውን፣ የከዚራውን ቤት፣ አሥሯን ሊንደን፣ የጠፋውን ሰው። ሁሉንም። ብዙ ዝም አለ። ስኳሩን አማሰለ፣ አማሰለ።

«ብራዚላዊ ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«እና በምን ቋንቋ ነበር የምታወሩት?»

«በእንግሊዝኛ።»

«በዚያ በአንተ እንግሊዝኛ?» አለና ሳቁን ለቀቀው። እኔም ሳቅሁ። ከስምንት ወር ጨጓራ በኋላ ያኔ ነው መጀመሪያ የወጣልኝ። አሁን ጅቡቲ ስሄድ የት እንደማድር ለእሱ ነው የምነግረው፤ ካልደወልኩ እሱ ይደውላል፣ ሰላም ሳይል ጉድ ኢቭኒንግ ይለኛል።