"ለምን?" ብዬ ጠይቄ መልሱን ሳልነግረው ያሳለፍኩት ልጅ

ሰሞኑን አንድ ልጅ በቴሌግራም "ጋሼ፣ ሌቭል 4 ጨርሻለሁ፣ ሲኦሲም አልፌያለሁ፣ ዲግሪ ብቀጥል እችለዋለሁ ወይ?" ብሎ ጻፈልኝ፣ የቴክኒክና ሙያ ትምህርቱንና የብቃት ምዘናውን ማለቱ ነው። እስካሁን አልመለስኩለትም፣ ጥያቄው ሌላ ልጅ አስታወሰኝ።

2006 ዓ.ም ነው፣ እዚሁ ድሬ። የኤሌክትሪክ ሲኦሲ መዛኝ ነበርኩ። የግንቦት ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል። ለልጁ የደረሰው የሞተር ስታር ዴልታ ነው፣ ስታርና ዴልታ የሞተሩን ሶስት ጥቅሎች ማያያዣ ሁለት መንገዶች ናቸው፣ ሞተሩ በስታር ይነሳና ፍጥነት ሲይዝ ወደ ዴልታ ይዞራል። አቦ እጁን ብታዩት! ሶስቱን ኮንታክተር፣ ታይመሩን፣ ኦቨርሎዱን ደርድሮ ሽቦውን እንደ ሹሩባ ጎነጎነው፣ ሰዓቱ ሳያልቅ ሞተሩ ተነሳ፣ ትንሽ ቆይቶ ቋ አለና ወደ ዴልታ ዞረ። እኔ ቼክሊስቴ ላይ ራይት ራይት ራይት። ከዛ እንዲያው አመል ሆኖብኝ "ለምንድነው በስታር የምናስነሳው?" አልኩት።

"እንዳይቃጠል ነዋ ጋሼ።"

"እንዴት ነው የማይቃጠለው?"

ዝም አለ፣ ሽቦውን በጣቱ ይነካካል። በስታር ጊዜ እያንዳንዱ ጥቅል 380 ሳይሆን 220 ቮልት ነው የሚደርሰው፣ ከመስመሩ የሚስበው ከረንትም በቀጥታ በዴልታ ቢነሳ ከሚስበው አንድ ሶስተኛው ነው፣ በቃ ይሄው ነው። ቼክሊስቱ ላይ ግን ይሄን የሚጠይቅ ሳጥን የለም። ብቁ ብዬ ፈረምኩ፣ ብቁም ነበር። የሚቆጨኝ መፈረሜ አይደለም፣ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብዬ ወረቀት ላይ ስዬ አለማሳየቴ ነው፣ ከዚራ ሰፈር ሄጄ ሻይ ለመጠጣት ቸኩዬ።

ዲግሪ ገባ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ሰርኪዩትና ማትስ ጣሉት። በኋላ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ አካባቢ የተሳፈርኩበትን ባጃጅ ሲነዳ አገኘሁት፣ ሂሳብ አልቀበልም ብሎኝ "ጋሼ፣ እዛ እኮ ሰርተህ አሳይ የሚልህ ሰው የለም" አለኝ።

የጽሁፍ ፈተናም አለ እንዳትሉኝ፣ ሀ ለ ሐ መ መምረጥ ነው፣ ያለፈውን ዓመት የሸመደደ ያልፈዋል። እኔ ብሆን ሞተሩን ካስነሳ በኋላ ግማሽ ገጽ እሰጠው ነበር፣ ዳያግራሙን ሳል፣ ከረንቱን አስላ፣ ለምን እንደሆነ በራስህ አማርኛም ቢሆን ጻፍ። ዲግሪ የሚሰጡት ኮሌጆችም የሰራውን ቦርድ አይተው የወርክሾፕ ኮርሱን እንዳለፈ ይቁጠሩለትና ጊዜውን ለማትስ ይስጡት።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ቪዲዮ አይታችሁ ብሬከር ሳታወርዱ ሽቦ ትነካላችሁ፣ ቲዎሪ ብቻ! አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሲሰራ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ደግኖ የትኛው ኩሽኔታ እንደተበላ ይናገር ነበር፣ ፎርሙላ የሚባል አያውቅም። እሱን ማን ነው ለምን ብሎ የሚፈትነው? እንግዲህ የራሴን ወሬ አፈረስኩት መሰለኝ፣ ይሁን።

ጥናት፣ ሰዓት ማክበር ምናምን እናታችሁ ነግራችኋለች፣ አልደግመውም።

አንተ የጻፍክልኝ ልጅ፣ ስታር ዴልታውን ወረቀት ላይ ስለህ፣ ከረንቱ ለምን እንደሚቀንስ ከስሩ ጽፈህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ከተሳሳትክ እደውልልሃለሁ።