የደም ዓይነቱ ሳይታወቅ ደም ይሰጣል ወይ?

ወንድምህ እንኳን ተረፈልህ! «የመኪና አደጋ ደርሶበት የደም ዓይነቱን ሳይመረምሩ ኦ ሰጡት፣ ትክክል ነው?» ላልከው፣ አዎ ትክክል ነው። የሰጪና የተቀባይ ደም መስማማቱን የሚያየው ሙሉው የማዛመድ ምርመራ 45 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ክፉኛ የሚደማ ሰው ያን ያህል አይጠብቅም። ናሙናው ላቦራቶሪ እየሄደ፣ በአብዛኛው ለማንኛውም የደም ዓይነት የሚስማማው ኦ ቀይ ሴል ይጀመርለታል። ኦ ኔጌቲቭ ብርቅ ስለሆነ ገና ለሚወልዱ ሴቶች ይቆጠባል። ለወንድ ኦ ፖዘቲቭ መስጠት የተለመደ ነው።

ቀይ ሴል ብቻውን ግን አይበቃም። ደም እንዲረጋ ፕላዝማ (ፈሳሹ የደም ክፍል) እና ፕላትሌትም (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሴሎች) ያስፈልጋሉ። የቀዘቀዘ ፕላዝማ ለማቅለጥ ብቻ 30 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ፕላትሌት ደግሞ ከ5 እስከ 7 ቀን ቢቆይ ነው። በእኔ እይታ ዋናው ራስ ምታት እዚህ ላይ ነው።

«ዘመድ ደም ይስጥ» የተባላችሁትም የደም ባንኩን ክምችት ለመተካት ነው። አዲስ የተለገሰ ደም መጀመሪያ ለኤችአይቪና ለሄፓታይተስ መመርመር አለበት፤ ለዚያች ሰዓት አይደርስም።