«15 በመቶ ጨመረ» ወይስ «በ15 በመቶ ጨመረ»?

ጥያቄ፦ የቢሮ ዕቃዎች መሸጫ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ፕሮፎርማ የማዘጋጀውም እኔ ነኝ። ለአንድ ደንበኛ «የወንበሮቹ ዋጋ በ15 በመቶ ጨምሯል» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «በ» ሁለቴ መግባቱ ስህተት ነው፣ አንዱን አውጪው አሉኝ። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ «ቫትን ጨምሮ» ይሻላል ወይስ «ከነቫቱ»?

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት። የሁለቱ «በ» ሥራ ለየቅል ነው። የፊተኛው ጭማሪው ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል፤ «በ30 ብር ጨመረ» ስንል እንደምናስገባው ማለት ነው። የኋለኛው «መቶ» ላይ ተጣብቆ የቀረ ነው፤ «በመቶ»ን ዛሬ እንደ አንድ ቃል ነው የምንጠቀምበት። አለቃዎ «15 በመቶ ጨምሯል» ይባል ቢሉም ያስኬዳል፤ «30 ብር ጨመረ» እንላለን አይደል? የእርስዎን ስህተት ነው ማለታቸው ብቻ ነው ያልተስማማኝ።

መታረም ያለበት «15% በመቶ» የሚለው ነው። ምልክቱ ራሱ «በመቶ» ተብሎ ስለሚነበብ አንዱ ይበቃል። «ፐርሰንት» ማለትም ነውር የለውም፤ በጽሑፍ ግን «በመቶ» ይሻለኛል።

ከ«በ» ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ «ወደ» ነው። «ዋጋው ወደ 15 በመቶ ጨምሯል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታነቡ ምን ትረዳላችሁ? አንዱ «15 በመቶ ገደማ ጨመረ» ብሎ ይረዳዋል፤ ሌላው «15 በመቶ ላይ ደረሰ» ብሎ። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ «ወደ» ሁለቱንም ይሸከማል። ግምት ከሆነ «ገደማ» በሉ። መድረሻ ከሆነ መነሻውንም ጻፉ፦ «ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ አለ»።

አሁን ወደ ቫት። «ከነቫቱ» ጥሩ አማርኛ ነው፤ «ከነልጆቹ መጣ» ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት አሠራር ነው፣ አጭርም ነው። ሱቅ ውስጥ ሲያወሩ እሱን ይበሉ፤ ፕሮፎርማ ላይ «ቫትን ጨምሮ» የተለመደ ስለሆነ እሱን ይጻፉ። አደራ የምለው ግን አንድ ነገር አለ፦ «ዋጋው ቫት ይጨምራል» ብለው አይጻፉ። «ይጨምራል» ማለት «በውስጡ ይዟል» ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ገና ይታከልበታል» ማለትም ሊሆን ይችላል። ደንበኛው በፊተኛው ተረድቶት 100,000 ብር ይዞ ይመጣል፤ እናንተ በኋለኛው አስባችሁት 115,000 ብር ትጠይቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ ነው፣ ጥፋቱም የደንበኛው አይደለም። «ቫት የተካተተበት ዋጋ» ወይም «ቫት ያልተካተተበት ዋጋ» ብሎ መጻፍ ነገሩን ይቆርጠዋል።

በመቶኛ ስንናገር ብዙ ጊዜ የምንዘለው ጥያቄ «ከምኑ?» የሚለው ነው። አማርኛ ለዚህ «ላይ» የሚል ቃል አለው፤ ስንጨምር «በዋጋው ላይ»፣ ስንቀንስ «ከዋጋው ላይ» እንላለን። ይህቺ «ላይ» ስትቀር ሒሳቡም ይበላሻል። ምግብ ቤት ውስጥ 200 ብር የሚል ምግብ አዘዛችሁ እንበል፤ ሜኑው ግርጌ «10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ቫት ይታሰባል» ይላል። ብዙ ሰው 10 እና 15ን ደምሮ 250 ብር ያዘጋጃል፤ ቢሉ ግን 253 ብር ሆኖ ይመጣል። አስተናጋጁ አላጭበረበረም። 10 በመቶው በ200 ላይ ተጨምሮ 220 ሆነ፤ 15 በመቶው ደግሞ በ220 ላይ ታሰበና 33 ብር መጣ። ሜኑው «የአገልግሎት ክፍያ በተጨመረበት ዋጋ ላይ 15 በመቶ ቫት ይታሰባል» ቢል ኖሮ ማንም አይደናገርም ነበር።

ወደ ኋላ ሲሄዱም ያው ነው። ከነቫቱ 1,150 ብር የሆነ ዕቃ ውስጥ ቫቱ ስንት ነው? «ከ1,150 ላይ 15 በመቶ» ካሉ 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል፤ ስህተት ነው። 15 በመቶው የታሰበው በ1,000 ላይ ነበር። 1,150ን ለ1.15 ያካፍሉ፤ 1,000 ይመጣል፤ ቫቱ 150 ብር ነው።

ትልልቅ ዜናዎችም ከዚህ አያመልጡም። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ዋጋ ሲያወርድ አንድ ዶላር ከ23 ብር ከ40 ገደማ ተነሥቶ 26 ብር ከ90 ገደማ ገባ፤ «ብር በ15 በመቶ ወረደ» ተባለ። 15 በመቶ የጨመረው ግን የዶላሩ ዋጋ ነው። ብሩ ከራሱ አቅም ላይ ያጣው 13 በመቶ ገደማ ነው። ያን ጊዜ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድም ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህን «በ2 በመቶ ጨመረ» ማለት አያስኬድም፤ በ5 ላይ 2 ሲጨመር ጭማሪው 40 በመቶ ነው። የሙያው ሰዎች «በ2 የመቶኛ ነጥብ» ይላሉ፤ ይህ ከከበዳችሁ «ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ» ማለት ይበቃል፣ ለሁሉም ሰው ግልጽ ነው።

ስለ «እጥፍ»ም ላንሣ፤ ዋጋ ሲወራ አይቀርምና። «በእጥፍ ጨመረ» ላይ ማንም አይጣላም፤ 100 የነበረው 200 ሆነ ማለት ነው፣ 100 በመቶ ጨመረ ማለትም ያው ነው። ጣጣው «ሦስት እጥፍ ጨመረ» ሲባል ነው፤ አንዱ ሰሚ 300፣ ሌላው 400 ብሎ ያስባል። እኔ የምመርጠው «ሆነ»ን ለመድረሻው፣ «ጨመረ»ን ለተጨመረው ማዋል ነው። 100 ብር የነበረው ዛሬ 300 ከሆነ «ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆነ» ወይም «200 በመቶ ጨመረ» በሉ።