ሙሌቱ ሳይጀመር ስታፋውን እዩት

ሙያውን ገና ለጀመራችሁ ወጣት መሐንዲሶች፣

እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት ርዕደ መሬቶች በወር ተኩል ልዩነት ደረሱ። ጥር ላይ ሄይቲ በ7.0፣ የካቲት ላይ ቺሊ በ8.8 ተመታች። የቺሊው የለቀቀው ኃይል ከሄይቲው 500 እጥፍ ገደማ ነበር። ሄይቲ ላይ ግን ከ100 ሺህ በላይ ሰው አለቀ፤ ቺሊ ላይ የሞተው 500 አካባቢ ነው። የሄይቲው ለዋና ከተማዋ በጣም ቅርብ መሆኑ አንድ ምክንያት ነው። ቺሊ ግን ከ1960ው 9.5 ርዕደ መሬት ብዙ ተምራለች፤ ጠበቅ ያለ የግንባታ ደንብ አላት፣ ታስከብረዋለችም።

ደንብ የሚከበረው የት ነው ብትሉኝ፣ ስታፋ ላይ እላችኋለሁ፤ የኮለኑን፣ ማለትም የምሰሶውን፣ ቋሚ ፌሮዎች ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት ብረት ላይ።

ሕንፃ ክፉኛ ሲወዛወዝ መጀመሪያ የሚረግፈው ፌሮውን የሸፈነው ኮንክሪት ነው። የስታፋው ጫፍ 90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ ያኔ የሚይዘው ስለሌለ ይከፈታል። ቋሚ ፌሮዎቹ ወደ ውጭ ይጎብጣሉ፣ መሃሉ ይደቃል፣ ኮለኑ አለቀለት። 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ሽፋኑ ቢረግፍም መሃሉን እንደ መቀነት ጠፍሮ ይይዛል።

ቢሙ (አግዳሚው ተሸካሚ) ቀድሞ ይጎዳ፣ ኮለኑ ግን ይቁም የሚለው የዲዛይን መርህም ያለዚህ እጥፋት ዋጋ የለውም። ኮምፒውተር ላይ ያለው ሞዴል እጥፋቱን አያሳያችሁም። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላም አይታይም። ስለዚህ ፌሮው ታስሮ ሲያልቅ ቢሮ አትቀመጡ። ጎንበስ ብላችሁ የኮለኑን እግር፣ ከቢም ጋር የሚገናኝበትንም ቦታ እዩ። ስታፋው ተጠጋግቶ መታሰር ያለበት እዚያ ነው። ፌሮ ስለሚጨናነቅ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እዚያው ነው።

ባለቤቱ ምድር ወለሉን ለሱቅ ክፍት አድርጉልኝ ሲልም ነገሩን ገና በንድፉ ጊዜ አንሱት። ከላይ ግድግዳ ሞልቶ ከታች ባዶ ከሆነ ውዝዋዜው ሁሉ እዚያ አንድ ወለል ላይ ይከማቻል።

ፌሮ የሚያስረውን ፌራዮ ደግሞ አትቆጡት። 135 ማጠፍ ያደክማል፣ ጠባብ ቦታ ማስገባቱም ጣጣ ነው። ለምን እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። ምክንያቱ የገባው ሰው የጓደኛውንም ስታፋ ሲያርም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ፍተሻውን ከሙሌቱ አንድ ቀን ቀደም አድርጉት። ሚክሰሩ ሳይት ደርሶ ሁሉም እየተነጫነጨ ሥራ ማስቆም ለወጣት መሐንዲስ ከባድ ነው። በዋዜማው ካያችሁት ግን ፌራዮውም ፈትቶ ለማሰር ጊዜ ያገኛል።