«ማንን አሸንፎ?» ስለ ኮሌጅ ፉትቦል ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ልጆቻቸው አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ከገቡ ወዲህ ቅዳሜያቸውን ለኮሌጅ ፉትቦል (በዩኒቨርሲቲዎች መካከል ለሚደረገው የአሜሪካ ፉትቦል ውድድር) ያስረከቡ ወላጆች፣ እንዲሁም ተማሪዎቹ ራሳቸው፣ ከሚልኩልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያርፋሉ፤ እርሱም የአንድ ቡድን ውጤት ከገጠማቸው ቡድኖች ጥንካሬ ጋር፣ ማለትም ከመርሐ ግብሩ ክብደት ጋር፣ እንዴት ይመዘናል የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ያደግሁት የእግር ኳስ ሊግ እያየሁ ነው። በሊግ ብዙ ነጥብ ያለው አንደኛ ነው፤ ክርክር የለም። እዚህ ግን 9 ጊዜ ያሸነፈ ቡድን 11 ጊዜ ካሸነፈው እበልጣለሁ ሲል እሰማለሁ። ሠንጠረዡን አይቶ መፍረድ ለምን አይበቃም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሊግ ሠንጠረዥ የሚታመነው ሁሉም ከሁሉም ጋር ስለሚጫወት ነው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከ20ዎቹ ቡድኖች እያንዳንዱ ሌሎቹን 19ኙን አንድ ጊዜ በሜዳው፣ አንድ ጊዜ ከሜዳው ውጪ ገጥሞ 38 ጨዋታ ስለሚያደርግ፣ ግንቦት ላይ «ለእኔ ብቻ ከባድ ከባዱ ደረሰኝ» ብሎ ማማረር የሚችል የለም። በኮሌጅ ፉትቦል ከፍተኛው ምድብ ግን በ2024 የነበሩት ቡድኖች 134 ሲሆኑ፣ አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚጫወተው 12 ጊዜ ብቻ ነው። የአንድ ኮንፈረንስ (በአንድ ማኅበር የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ) አባላት እንኳ እርስ በርስ አይዳረሱም። ለምሳሌ ቢግ ቴን የተባለው ኮንፈረንስ ስሙ አሥር ቢልም አባላቱ 18 ናቸው፤ በኮንፈረንሱ ውስጥ አንድ ቡድን የሚያደርገው ጨዋታ ደግሞ 9 በመሆኑ፣ ስምንቱን የገዛ ጎረቤቶቹን ሳያገኝ ዓመቱ ያልቃል። ስለዚህ በሠንጠረዥ ብቻ መፍረድ በሁለት ትምህርት ቤቶች በየክፍላቸው አንደኛ የወጡ ልጆችን፣ ማን እንደፈተናቸው ሳይጠይቁ፣ እኩል ናቸው እንደ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በ2024 ኢንዲያና 11 ጨዋታ አሸንፎ «ማንንም አላሸነፈም» ተባለ። የእኛ ሰፈር ልጆችም እንዲሁ ይሉ ነበር። ፍትሐዊ ነበር? (ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ)

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነበር። ኢንዲያና በመደበኛው ዘመን የተሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በአንተው ከተማ ቡድን በኦሃዮ ስቴት 38 ለ 15 ነው። ካሸነፋቸው መካከል ሚሺጋንና ዋሽንግተን አሉበት፤ እነዚህ ሁለቱ በጃንዋሪ 2024 ለአገር አቀፉ ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኝተው ሚሺጋን 34 ለ 13 ያሸነፈባቸው ናቸው። መርሐ ግብሩን አስቀድሞ ያየ ሰው «አቤት መከራ!» ባለ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም አሠልጣኞቻቸውንና ብዙ ተጫዋቾቻቸውን አጥተው ስለነበር፣ ሚሺጋን ዓመቱን 8 አሸንፎ 5 ተሸንፎ፣ ዋሽንግተን ደግሞ 6 አሸንፎ 7 ተሸንፎ ጨረሱ። ኢንዲያና ስማቸውን ገጠመ እንጂ የአምናውን ቡድን አላገኘም። በፕሌይኦፉ፣ ማለትም አገር አቀፉ ዋንጫ በሚወሰንበት የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ በኖትር ዳም 27 ለ 17 ሲረታ ተቺዎቹ «ብለን አልነበረም?» አሉ፤ ኖትር ዳም ግን እስከ ፍጻሜው የዘለቀ ቡድን ስለነበር በእርሱ መሸነፍ የደካማነት ማስረጃ ነው ብዬ አልቀበልም። በቀጣዩ ዓመት ያው ኢንዲያና በቢግ ቴን ፍጻሜ ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10 አሸንፎ፣ በኋላም አገር አቀፉን ዋንጫ ወሰደ። ለሰፈርህ ልጆች ይህን አስታውሳቸው።

ጥያቄ፦ የፍሎሪዳ ስቴት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ሳይሸነፍ የቀረ ቡድን እንዴት ይጣላል? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ፣ እኔንም ያንገበግበኛል። ጉዳዩን ላልተከታተሉት ባጭሩ፦ በ2023 ፍሎሪዳ ስቴት 13 ተጫውቶ 13ቱንም አሸነፈ፣ የኮንፈረንሱንም ዋንጫ ሉዊቪልን 16 ለ 6 ረትቶ ወሰደ፤ ያኔ ፕሌይኦፉ አራት ቡድኖችን ብቻ ያስገባ ስለነበር ወደ ፕሌይኦፉ የሚገቡትን የሚመርጠው ኮሚቴ አምስተኛ አድርጎ አስቀረው። አራተኛው ቦታ በሜዳው በቴክሳስ 34 ለ 24 ለተሸነፈው፣ ነገር ግን በራሱ ኮንፈረንስ ፍጻሜ ላይ፣ 29 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ የመጣውን ጆርጂያን 27 ለ 24 ለጣለው ለአላባማ ተሰጠ። ኮሚቴው ሁለት ነገር አነሳ፤ አንዱ የመርሐ ግብሩ ክብደት ሲሆን፣ ሌላው ኳርተርባኩ (የማጥቃቱ መሪ ተጫዋች) ጆርዳን ትራቪስ ኖቬምበር ላይ ተጎድቶ መውጣቱ ነው። እኔ የምቃወመው ሁለተኛውን ነው። የመርሐ ግብር ክብደት የተደረገን ጨዋታ ይመዝናል፤ የተጫዋች ጉዳት ግን ወደፊት ምን ይሆናል የሚል ግምት ነው። «ማን ሠርቶ አሳየ?» እና «ማን ቢጫወት ያሸንፋል?» የተለያዩ ጥያቄዎች ሆነው ሳለ፣ ኮሚቴው በአንድ ሚዛን ላይ ጫናቸው። በኋላ ጆርጂያ ኦሬንጅ ቦውል በተባለው ግጥሚያ ፍሎሪዳ ስቴትን 63 ለ 3 መቅጣቱን እንደ ፍርድ የሚጠቅሱ አሉ፤ ያን ቀን ግን ከፍሎሪዳ ስቴት ዋና ዋና ተጫዋቾች ብዙዎቹ ሜዳ አልገቡም።

ጥያቄ፦ የሒሳብ መምህር ነኝ። ይህ ክብደት በምን ቀመር ይወጣል? በአማካይ ከሆነ፣ አማካይ እንደሚያታልል ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መምህር፣ ጥርጣሬዎ ልክ ነው። ከፕሌይኦፉ በፊት በነበረው ቢሲኤስ በተባለው ሥርዓት የመጀመሪያ ዓመታት ቀመሩ ቀላል ነበር፤ ሁለት ሦስተኛው የተጋጣሚዎች ውጤት፣ አንድ ሦስተኛው የተጋጣሚዎቹ ተጋጣሚዎች ውጤት ነው። ችግሩ እንዲታይ ቁጥር ልፍጠር። አንደኛው መርሐ ግብር 12 መካከለኛ ቡድኖች አሉት፤ ሁለተኛው 6 እጅግ ጠንካራና 6 እጅግ ደካማ፤ አማካያቸው እኩል ነው እንበል። ለዋንጫ የሚታጭ ቡድን መካከለኛውን የማሸነፍ ዕድሉ 90 በመቶ፣ ጠንካራውን 55፣ ደካማውን 99 ቢሆን፣ ከመጀመሪያው 10.8 ድል ሲጠብቅ ከሁለተኛው የሚጠብቀው 9.24 ብቻ ነው። ደካማ ቡድን በበኩሉ ዕድሉ እንደ ቅደም ተከተላቸው 20፣ 2 እና 60 በመቶ ቢሆን፣ ከመጀመሪያው 2.4፣ ከሁለተኛው 3.72 ድል ይጠብቃል። ለአንዱ የከበደው ለሌላው ቀለለ ማለት ነው፤ «ከባድ» የሚባል ነገር ካለ «ለማን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ለዚህም ነው ዛሬ ብዙዎች ጥያቄውን ገልብጠው የሚያሰሉት፦ በአገር አቀፉ ደረጃ ከ25ቱ ምርጦች መካከል የሆነ አማካይ ቡድን ይህን መርሐ ግብር ቢሰጠው፣ ይህን ውጤት ወይም የተሻለ የማምጣት ዕድሉ ስንት ነው? መራጭ ኮሚቴውም በ2025 የዚህ ዓይነት መለኪያ ጨምሯል።

ጥያቄ፦ አንድ ድል መመዘን ያለበት ተጋጣሚው በዕለቱ በነበረው ደረጃ ነው ወይስ ዓመቱ ሲያልቅ ባለው? (ከሲያትል)

መልስ፦ ሲያልቅ ባለው። ጆርጂያ ቴክ በኦገስት 2024 ደብሊን ላይ በአገር አቀፉ ደረጃ 10ኛ የነበረውን ፍሎሪዳ ስቴትን 24 ለ 21 ሲያሸንፍ ታላቅ ድል ተባለለት፤ ያው ፍሎሪዳ ስቴት ዓመቱን 2 አሸንፎ 10 ተሸንፎ ጨረሰ።

ጥያቄ፦ በ2024 የከተማችን ኤስኤምዩ (ሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ) ከአላባማ ይልቅ ተመርጦ 12 ቡድኖች ወዳሉት ፕሌይኦፍ ሲገባ ደስ አለን፤ ከዚያ በፔን ስቴት 38 ለ 10 ተሸንፎ አሳፈረን። ምርጫው ስህተት ነበር? (ከዳላስ አካባቢ)

መልስ፦ አልነበረም፤ ሊያፍሩበት አይገባም። ኤስኤምዩ 11 አሸንፎ 2 ተሸንፎ የቀረበ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሽንፈት በኮንፈረንሱ ፍጻሜ ክሌምሰን በመጨረሻዋ ቅጽበት ከ56 ያርድ (51 ሜትር ገደማ) ኳሱን በእግር መትቶ 34 ለ 31 ያሸነፈበት ነው። አላባማ ደግሞ 9 አሸንፎ 3 ተሸነፈ፤ መርሐ ግብሩ ከኤስኤምዩ መክበዱን አልክድም። ከባድ መርሐ ግብር ይቅርታ የሚያሰጠው ግን በከባዶቹ ለተሸነፉት ሽንፈት ነው። አላባማ በቫንደርቢልት 40 ለ 35፣ በኦክላሆማ 24 ለ 3 ተረትቷል። ኦክላሆማ ዓመቱን የጨረሰው 6 አሸንፎ 7 ተሸንፎ ነው፤ ያን ቅዳሜ ምሽት አላባማ አንዲት ተችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር በማሻገር የሚገኝ ነጥብ) እንኳ አላስቆጠረም።